ሁለት ውህደት ያዩት አቶ ሰረቀብርሃን ይመኑ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሟች ቤተሰቦችና ዘመዶች፣ እንዲሁም በዚህ የሚኒሶታ ውርጭ ከኩን ራፒድስ፣ ከሻኮፒና ከየአካባቢው መንገዱን ታግሣችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ የወንድማችንን የአቶ ሰረቀብርሃን ይመኑን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ የታዘዝኩት እኔ ዋለ ጥሩነህ ነኝ። ስሜ ሲጠራ አንዳንዶቻችሁ እርስ በርስ ስትተያዩ አይቻለሁ፤ ከሰው ሁሉ እንዴት እሱ ያነባል ማለታችሁ እንደሆነም አልጠፋኝም። እኔም ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ባየሽ ይህንኑ ብያቸው ነበር። ነገር ግን የዕድራችን ደንብ የአባልን ዜና ሕይወት ጽፎ የሚያነበው የዕድሩ ጸሐፊ እንደሆነ ስለሚያዝ፣ ሟቹም ጸሐፊያቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ስላልሻሩት፣ ማንበቡ የእኔ ግዴታ ሆኗል። ለምን እንደተያያችሁ ያልገባው እንግዳ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ፤ አልደብቀውም።

አቶ ሰረቀብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ይመኑ ገብረሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደስታ በ1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ስለነበሩ ሕፃኑ ሰረቀብርሃን ትምህርት በሌለበት ቀን ከአባታቸው ጋር አውቶቡስ ላይ እየዋሉ፣ ወራጅና ተሳፋሪውን እየቆጠሩ፣ በአውቶቡሱ ጎን ላይ የተሳለውን አንበሳም የቤተሰባቸው ንብረት እየመሰላቸው አደጉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመጀመሪያ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ቀጥሎም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። በእጅ ጽሑፋቸው ማማርና ስም ባለመርሳታቸው በመምህሮቻቸው ዘንድ የተመሰገኑ ስለነበሩ የክፍላቸውን የስም መጥሪያ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ።

በ1970 ዓ.ም. ወጣት መሆን በራሱ ወንጀል በሆነበት ጊዜ፣ ከክፍላቸው መጥሪያ ላይ ከነበሩት ልጆች አቤት የሚለው እያነሰ ሲሄድ፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ካርቱም ውስጥ በዳቦ ቤት ሠራተኛነት ከአሥር ዓመት በላይ ሲኖሩ፣ በዚያው በስደት ከነበሩት ከወይዘሮ ባየሽ ጋር ተዋውቀው ለትዳር ተጫጩ። ይሁን እንጂ የስደተኛ ዕጣ የሚያወጡት ሰዎች ስለ መተጫጨት አይጠይቁምና ወይዘሮ ባየሽን ሚኒሶታ፣ አቶ ሰረቀብርሃንን ደግሞ በ1982 ዓ.ም. አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ላኳቸው። ከዚያ በኋላ የነበሩትን አሥር ዓመታት የተገናኙት በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤዎቹ ዛሬም ወይዘሮ ባየሽ ዘንድ አሉ።

በሜልበርን መኖሪያቸው ፊትዝሮይ በሚባለው ሰፈር፣ ከባለ ሃያ ፎቅ የመንግሥት ሕንፃዎች በአንደኛው ነበር፤ ሥራቸውም ትራም ማጽዳት ነበር። እንግሊዝኛቸው ገና ያልተቃና፣ ሰላም የሚላቸው ሰው የሌለ ብቸኛ ሰው በነበሩበት ወራት፣ ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጆይስ የሚባሉ አሮጊት አንድ ቅዳሜ አሳንሰሩ ውስጥ አግኝተዋቸው፣ የሰፈሩ ክለብ ዛሬ ይጫወታል፣ ና ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። ጨዋታው የአውስትራሊያ እግር ኳስ የሚባለው ነው፤ በአንድ ወገን አሥራ ስምንት ሰው ይሰለፋል፣ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅም ትያዛለች በእግርም ትመታለች፣ ጎሉ አግዳሚ የሌለው አራት ቋሚ እንጨት ነው። አቶ ሰረቀብርሃን በዚያ ቀን ስለ ጨዋታው አንዳች ነገር እንዳልገባቸው ሲናገሩ ኖረዋል። የገባቸው የክለቡ ምልክት ብቻ ነበር፤ አንበሳ ነው። የአባቴን አውቶቡስ እዚህ አገኘሁት ብለው በማግሥቱ የፊትዝሮይ ክለብ አባል ሆኑ፤ የአባልነት ካርዳቸውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው በኪስ ቦርሳቸው ይዘዋት ኖሩ።

ፊትዝሮይ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ፣ ሊጉን ከመሠረቱት ክለቦች አንዱ የሆነ፣ ስምንት ጊዜ ዋንጫ የበላ ክለብ ነበር። አቶ ሰረቀብርሃን የደረሱት ግን ዋንጫው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ክለቡ ሜዳውን ለቆ በሰው ሜዳ ይጫወታል፣ ዕዳው ከብዷል፣ ደጋፊው ተመናምኗል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1996፣ በእኛ 1988 ዓ.ም.፣ የውድድሩ ዘመን በመጋቢት ሲጀመር እሳቸውና ጆይስ አንድም ጨዋታ ላለመቅረት ተማምለው ነበር፤ በከተማው ውስጥ ከተደረጉትም አንዱም አላመለጣቸውም። በዚያ ዓመት ክለቡ ሃያ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ስለዚያች አንድ ድል የሚናገሩትን የሰማ ሰው ሃያ አንዱን ሽንፈት ፈጽሞ አይጠረጥርም ነበር።

በሰኔ 27 ቀን፣ ውድድሩ ገና ሳያልቅ፣ የሊጉ ኃላፊዎች ፊትዝሮይ የዓመቱን ጨዋታ ከጨረሰ በኋላ ከብሪዝበን ከተማ ክለብ ጋር እንዲዋሃድ ወሰኑ። ብሪዝበን ከሜልበርን ከአዲስ አበባ አሥመራ ደርሶ የመመለስ ያህል ይርቃል። አቶ ሰረቀብርሃንን ያንገበገባቸው ግን ርቀቱ አልነበረም። አባል ነህ ተብለው ካርድ ተሰጥቷቸው ሳለ፣ ሰረቀብርሃን፣ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ በስማቸው ጠርቶ የጠየቃቸው አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። ዜናውን የሰሙት ትራም ሲያጸዱ ወንበር ላይ ከተረሳ ጋዜጣ ነበር። ከአገሬ ስወጣም ማንም አልጠየቀኝም፣ ዕጣዬ ሲወጣም ማንም አልጠየቀኝም፤ ይህን ግን በፈቃዴ የገባሁበት ነበር ይሉ ነበር። 

ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 19፣ ክለቡ በሜልበርን የመጨረሻውን ጨዋታ አድርጎ በመቶ ሃምሳ አንድ ነጥብ ተሸነፈ። የመጨረሻው መጨረሻ ግን በሳምንቱ፣ ነሐሴ 26 ቀን፣ በአገሩ ሌላ ዳር በፐርዝ ከተማ ነበር። ጆይስ ጉልበታቸውን ስላመማቸው መሄድ አልቻሉም፤ አቶ ሰረቀብርሃን ፈቃድ ጠይቀው፣ ዳቦና የታሸገ ዓሣ ይዘው፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ በአውቶቡስ ተጉዘው ደረሱ። በሰማንያ ስድስት ነጥብ ተሸነፉ። የማብቂያው ሳይረን ከተነፋ በኋላ ተጫዋቾቹ ከሜዳው መውጣት አቅቷቸው ሲዞሩ፣ እሳቸውም ደጋፊው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ የጽዳት ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው እስኪመጡ ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም። እሳቸውም ራሳቸው ጽዳት ሠራተኛ ነበሩና አመስግነዋቸው ወጡ።

በቀጣዩ ዓመት ጆይስ የተዋሃደውን ክለብ የአንገት ልብስ አድርገው አሳንሰሩ ውስጥ ተገናኙ። አቶ ሰረቀብርሃን አንገታቸውን አዞሩ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚኒሶታ እስኪመጡ ድረስ ለሦስት ዓመታት ያህል እኒያን ሴት ሰላም አላሏቸውም። አዲሱ ክለብ በኋላ በተከታታይ ሦስት ዋንጫ ሲወስድ እንኳን ደስ ያለዎት አላሏቸውም። ጆይስ ማረፋቸውን የሰሙት ከተቀበሩ ከስምንት ወር በኋላ በደረሳቸው የሌላ ጎረቤት ደብዳቤ ሲሆን፣ በደብዳቤው ውስጥ ጆይስ ይስጡልኝ ብለው የተናዘዙት አሮጌው የፊትዝሮይ የአንገት ልብስ ነበር። በሰው ላይ መጨከን የማይሆንላቸው ሰው አንድ ጊዜ ጨክነው የተጸጸቱት በዚህ ነው። ይህን ሲያጫውቱኝ "ጆይስን ከመዝገቤ ሰረዝኳት፤ መጻፍ የነበረብኝ ቀሪ ብዬ ነበር፤ ቀሪ አንድ ቀን ይመጣል" ብለውኛል። ያን ጊዜ ከነገር አልቆጠርኩትም።

በ1992 ዓ.ም. ወደ ሚኒሶታ መጥተው ከወይዘሮ ባየሽ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ፤ ሴት ልጃቸውን ፋናንና ወንድ ልጃቸውን ንዋይንም ወለዱ። በመጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ ቀጥሎ ሕሙማንን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሹፌር፣ በመጨረሻም በሻኮፒ በሚገኝ ትልቅ መጋዘን ሠራተኛ ሆነው በትጋት አገልግለዋል። እኔ የተዋወቅኳቸው በዚሁ መጋዘን ነው። ሁለታችንም ኩን ራፒድስ ስለምንኖር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ መኪና ተመላልሰናል፤ አንድ ሳምንት እሳቸው ድራይቭ ያደርጋሉ፣ አንድ ሳምንት እኔ። በረዶ መንገዱን ሲዘጋውና መኪና ከመኪና ሲተኛ "ዋልዬ፣ ሪላክስ አድርግ፤ ዛሬ እስከ አሥራ አራተኛው ጨዋታ እንደርሳለን" ይሉና ያን የ1988 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርኩልኝ ነበር። አንድም ቀን አይቼው የማላውቀውን የውድድር ዘመን ሃያ ሁለቱንም ጨዋታ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንግዲህ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት ባለማወቅ ነው ለማለት አልችልም።

በ2002 ዓ.ም. ከእኔና ከአቶ ቶኩማ ዲንሳ ጋር ሆነው አንበሳ የመረዳጃ ዕድርን መሠረቱ። ሠላሳ ሰባት አባላት ነበርን፤ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሮዝቪል በሚገኝ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ ሰው ሲሞት እንቀብራለን፣ ሐዘንተኛ እናስተዛዝናለን፣ የሐዘን ቤት ደጃፍ በረዶ እንጠርጋለን። እሳቸው ያመጡት ሥርዓት ስም መጥራት ነው። በየስብሰባውና በየቀብሩ አባል በተራ ቁጥሩ በስሙ ይጠራል፤ ያለው አለሁ ይላል፣ የሌለው ቀሪ ተብሎ ይጻፍበታል። በደንባችንም ላይ አባል በስሙ ተጠርቶ ሳይጠየቅ ዕድሩ አይፈርስም፣ አይዋሃድም የሚል አንቀጽ እንዲገባ ግድ አሉ። ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ነው ብለን ስንስቅባቸው፣ ከፊትዝሮይ ነው ብለው ሳይስቁ መለሱልን።

በመዝገቡ ቁጥር አንድ እሳቸው፣ ቁጥር ሁለት እኔ፣ ቁጥር ሦስት አቶ ቶኩማ ነን። መዝገቡንና ማኅተሙን እንድይዝ ጸሐፊ ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ፣ አንድ ትልቅ ማኅበር እንዋሃድ የሚል ጥያቄ አቀረበልን። የማኅበሩ መሪዎች ዛሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል፤ ስማችሁን አልጠራም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። የራሳቸው አዳራሽ እንዳላቸው፣ ጠበቃ እንዳላቸው፣ የዕድራችን ስም እንደማይጠፋ፣ አረጋውያን አባሎቻችን ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ እንደሚታቀፉ ነገሩን። አቶ ሰረቀብርሃን ሰምተው ሲጨርሱ አይሆንም አሉ። እኔ ግን ነገሩ ጣመኝ። ብዙዎቻችን አርጅተናል፣ በረዶ የሚጠርግ ወጣት የለንም፣ ልጆቻችን ዕድር ሲባል በእንግሊዝኛ ምንድን ነው የሚሉ ናቸው እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። ምክንያቶቹ ውሸት አልነበሩም። ነገር ግን በአዲሱ ማኅበር የምክትል ሊቀመንበርነት ወንበር እንደሚሰጠኝ በጆሮዬ ሹክ መባሉን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባሁትም።

በሻኮፒ መጋዘን ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ፣ በኋላ ያለው ሳምንት የሥራ መብዣው ነው፤ የግዴታ ተጨማሪ ሰዓት ይታዘዛል፣ ፈቃድ አይሰጥም፣ የቀረ ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል። አቶ ሰረቀብርሃን እሑድ ኅዳር 18 ቀን ከንጋት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ መጋዘን እንደሚውሉ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የዕድር አባል አልነበረም፤ እኔም በዚያው ቀን ገቢ ስለነበርኩ ነው ያወቅሁት። ጠቅላላ ስብሰባውን በዚያች እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ጠራሁ። ለሌላው ሰው ሁሉ ስልክ ደወልኩ፤ ለእሳቸው አልደወልኩም። በማለዳም ስልክ አንሥቼ "ጋሼ፣ ዛሬ ኮል አውት አድርጌአለሁ፣ ሥራ አልገባም፤ ፍሉ ሳይሆን አይቀርም" አልኳቸው። "ተኛ፣ ተሸፋፈን፣ ትኩስ ነገር ውሰድ" ብለውኝ ብቻቸውን ድራይቭ አድርገው ሄዱ። ደህና ነበርኩ፤ ሳል እንኳ አልነበረኝም።

በስብሰባው ላይ እንደ ደንቡ ስም ጠራሁ። ቁጥር አንድ፣ አቶ ሰረቀብርሃን ይመኑ ብዬ ተጣራሁ። በፊታቸው ባለው መስመር ላይ ቀሪ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። በስም ተጠርተው ተጠይቀዋልና አንቀጹ ተሟላ ማለት ነው፤ የእሳቸውን ቃል ይዤ እሳቸውን ከደጅ አስቀረኋቸው። አቶ ቶኩማ ብቻ ተነሥተው "ሰረቀ የት አለ?" ብለው ጠየቁ። ሥራ ላይ ናቸው፣ ነገሩን ያውቁታል፣ ተስማምተዋል አልኳቸው። አቶ ቶኩማ አመኑኝ፤ ቀጥሎ ሁሉም ፈረመ፤ ማኅተሙን መታሁ። ቃሌን ያመነ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ሌሎቻችሁ ግን እያወቃችሁ እንዳላወቃችሁ አትሁኑ፤ ከመካከላችሁ ሳይጠይቅ የፈረመውና እየጠረጠረ ዝም ያለው ብዙ ነው።

አቶ ሰረቀብርሃን ሥራ ጨርሰው ኩን ራፒድስ ቤታቸው ሲገቡ፣ የነቢያት ጾም ስለነበር ወይዘሮ ባየሽ የምስር ሾርባ ሠርተው ጠበቋቸው። እሳቸውም አፋቸውን ሳያደርጉበት፣ ልብሳቸውንም ሳይለውጡ፣ ዋለ ታሟል ብለው ሾርባውን በፔርሙዝ አስቀድተው ወደ እኔ ቤት መጡ። በር የከፈተችላቸው ባለቤቴ ጽጌሬዳ ናት፤ መዋሸት አልሆንላት ብሎ ዋለ ስብሰባ ሄዷል አለቻቸው። ሮዝቪል ድረስ ነድተው አዳራሹ ሲገቡ እኛ ሥራችንን ጨርሰን ተደስተን ስንበላ ነበር። ቆመው አዩን፤ ከአቶ ቶኩማ ጀምረው አንድ በአንድ አዩን። ከዚያም ፔርሙዙን አምጥተው ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጡና "እግዚአብሔር ይማርህ" ብለውኝ ወጡ። ይኸው ነው የተናገሩት። ፔርሙዙ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ልመልሰውም ልጠቀምበትም አልቻልኩም።

ተስፋው ምን ሆነ ብላችሁ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ የዕድራችን ስም ሦስት ወር ሳይሞላው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። አረጋውያኑ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥረው የመጠበቂያ ጊዜ ተጣለባቸው። ለእኔ የተባለውም ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። አቶ ሰረቀብርሃን ወደ አዲሱ ማኅበር አልገቡም፤ እኔንም ከዚያች ቀን በኋላ አላናገሩኝም። ሻኮፒ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስንነዳ፣ እሳቸው ለብቻቸው በመኪናቸው፣ እኔም ለብቻዬ በመኪናዬ፣ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ያልፉኛል።

የዕድሩ መዝገብ ግን እሳቸው እጅ ነበር፤ በዚያው ምሽት ከጠረጴዛው ላይ አንሥተውት ወጥተዋል። ከኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ሮዝቪል ቤተ መጻሕፍት ሄደው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሠላሳ ሰባቱንም ስም በተራ ሲጠሩ ኖረዋል። ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። ጡረታ ወጥተው ጉበታቸውን ከታመሙ በኋላ የምታደርሳቸው ልጃቸው ፋና ናት። በመጀመሪያ አፍራባቸው "ዳድ፣ ኖባዲ ኢዝ ካሚንግ"፣ አባዬ ማንም አይመጣም፣ ትላቸው እንደነበር፣ እሳቸውም "አንቺ መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ" ይሏት እንደነበር ነግራኛለች። በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፃቸው ሲደክም ስሙን የምትጠራላቸው እሷ ሆነች። ሚኒሶታ ተወልዳ አማርኛ የሚያስቸግራት ልጅ የሠላሳ ሰባት ሰው ስም ከነአባቱ በቃሏ ታውቃለች።

ሕመማቸው እየጸና ሄዶ በሐኪም ቤት ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአጠገባቸው እያሉ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የጆይስ የአንገት ልብስ በሣጥኑ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ነው።

ባረፉ በማግሥቱ ወይዘሮ ባየሽ ቤቴ መጥተው መዝገቡን ሰጡኝ። ይቅር ብያለሁ አላሉኝም፤ እኔም ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። "ጸሐፊው አንተ ነህ፤ ሥራህን ሥራ" አሉኝና ተመለሱ። ልጃቸው ንዋይ ከመኪናው አልወረደም።

መዝገቡን ገልጬ አነበብኩት። ኅዳር 18 ባለበት ገጽ ሥር በዚያ ባማረው ጽሑፋቸው "ጸሐፊው ታምሜአለሁ ብሎ ነበር፤ ድኖ አገኘሁት" የሚል አንድ መስመር አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ አራት ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቁጥር አንድ አለ፣ ከቁጥር ሁለት እስከ ሠላሳ ሰባት ቀሪ። ጭረት አለ ብዬ ገጽ በገጽ ፈለግሁ። ተሰናበተ የተባለ፣ ስሙ የተሰረዘ አንድ ሰው የለም። ከስሜ ጎን ጸሐፊ የሚለው ቃል በየወሩ እንደገና ተጽፏል፤ ሠላሳ አራት ጊዜ ጸሐፊ፣ ሠላሳ አራት ጊዜ ቀሪ። ስለ ጆይስ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ መጥቼ አለሁ ብል ኖሮ ይቀበሉኝ እንደነበርም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከኩን ራፒድስ ሮዝቪል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ እሳቸው ለአንድ ለተሸነፈ ክለብ አንድ አህጉር አቋርጠዋል።

አቶ ሰረቀብርሃን ይመኑ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ባየሽን፣ ልጆቻቸውን ፋናንና ንዋይን፣ በአዲስ አበባ እህታቸውን፣ እንዲሁም በመዝገባቸው ላይ እስከ መጨረሻው ያልሰረዟቸውን ሠላሳ ስድስት የአንበሳ ዕድር አባላት ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር አምላክ የድካማቸውን ዋጋ ከፍሎ፣ ስማቸው በማይሰረዝበት መዝገብ ጽፎ፣ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም እኛ ልንሰጣቸው ያልቻልነውን መጽናናት ይስጥልን። አሜን።

ወደ መቃብር ከመሄዳችን በፊት በዕድራችን ሥርዓት የቀረ አንድ ነገር አለ፤ በቀብር ላይ ስም ይጠራል። አስቀድሜ ግን በኅዳር 18 ገጽ ላይ በቁጥር አንድ ፊት በእጄ የጻፍኩትን ቀሪ የሚለውን ቃል በሁላችሁ ፊት እሰርዘዋለሁ፤ አልቀሩም፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ዛሬም ከሁላችን ቀድመው መጥተዋል።

ቁጥር አንድ፣ አቶ ሰረቀብርሃን ይመኑ፤ አሉ።

ቁጥር ሁለት፣ ዋለ ጥሩነህ፤ አለሁ።

ቁጥር ሦስት፣ አቶ ቶኩማ ዲንሳ።